ከክሬሙ ሥር ያለው ምክንያት፦ በእነዋሪና በመሰል ደጋማ ከተሞች የምግብ ዝግጅት ሠልጣኞች የኬክ ማስዋብ ችግሮችን መርምረው እንዲያርሙ ማገዝ

አጽሕሮተ ጥናት

የኬክ ማስዋብ ሥልጠና በአብዛኛው የሚያተኩረው በእጅ ቅልጥፍና ላይ ነው። ይሁን እንጂ በኬክ ገጽ ላይ የሚታዩት የተለመዱ ጉድለቶች፣ ማለትም የክሬም መቆራረጥ፣ የፍርፋሪ መቀላቀል፣ የጎን መወጠር፣ የፎንዳንት መሰንጠቅ፣ የቀለም መሰራጨትና የጽሑፍ መበላሸት፣ ምንጫቸው ብዙውን ጊዜ ከማስዋቡ በፊት በተከናወኑት ተግባራትና በሥራ ቦታው ሙቀት፣ እርጥበትና ከፍታ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የሰሜን ሸዋዋን እነዋሪን እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ በውጭ አገር የተዘጋጁ የአሠራር መመሪያዎች በደጋ ምድር ለምን እንደሚያሳስቱ ያብራራል፤ የዋና ዋናዎቹን ችግሮች ምክንያትና ማረሚያ ይተነትናል፤ በመጨረሻም ሠልጣኙ መመሪያ ከመሸምደድ ይልቅ ምክንያትን መርምሮ እንዲደርስበት የሚያስችል የማሠልጠኛ ሥርዓት ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኬክ ማስዋብ፣ ደጋማ ከፍታ፣ የቅቤ ክሬም፣ የጾም ኬክ፣ የሙያ ሥልጠና፣ እነዋሪ

1. መግቢያ

እነዋሪ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በጥቁር አፈሩ፣ በስንዴውና በጤፉ እንዲሁም ስሙን በያዘው የጅሩ ሰንጋ ይታወቃል። ስንዴ ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ድፎ ዳቦ የሌለበት ድግስም አይታሰብም። ባለፉት አሥርት ዓመታት ግን ከድፎው ጎን ሌላ እንግዳ ተቀምጧል። ልደት፣ ሠርግና ምረቃ በትልልቅ ከተሞች ብቻ ሳይሆን በወረዳ ከተሞችም ያጌጠ ኬክ የሚቆረስባቸው በዓላት ሆነዋል። በመሆኑም ኬክ መሥራትና ማስዋብ ለወጣቶች መተዳደሪያ ሊሆን የሚችል ሙያ ነው።

ይህን ሙያ የሚማር ሠልጣኝ ግን ከአንድ አስቸጋሪ ሁኔታ ጋር ይጋፈጣል። ቅቤ፣ ስኳርና እንቁላል ውድ ናቸው፤ ለልምምድ የሚመደበውም ጥሬ ዕቃ ውስን ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ ዕድል የሚያገኘው አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው። በዚያች ዕድል ክሬሙ ቢቆራረጥ ወይም ኬኩ ቢዘም፣ ሠልጣኙ የሚደርስበት መደምደሚያ «እጄ አይታዘዝልኝም» የሚል ይሆናል። አሠልጣኙም ከረጢቱን ተቀብሎ ሥራውን ራሱ ያቃናዋል። ኬኩ ያምራል፤ የጉድለቱ ምክንያት ግን ሳይታወቅ ይቀራል። ያው ጉድለት በብቃት ምዘና ቀን ሲመለስ ሠልጣኙ «ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ በሠርግ ዋዜማ ሲመለስ ደግሞ ደንበኛና ገንዘብ ያሳጣዋል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ ይኸውም በማስዋብ ወቅት የሚታይ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ጉድለት ሳይሆን የሙቀት፣ የእርጥበት ወይም የመዋቅር ጉድለት ነው፤ በደጋ ምድር ደግሞ እነዚህ ሦስቱ መጻሕፍቱ እንደሚሉት አይደሉም የሚል ነው። ስለሆነም ሠልጣኙ ሊታጠቅ የሚገባው ዋናው መሣሪያ የምርመራ ልማድ ነው።

2. የቦታው ተጽዕኖ፦ ከፍታና ሙቀት

እነዋሪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 73 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ውሃም በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ልዩነት ለወጥ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ለኬክ ግን ሦስት ውጤቶች አሉት።

አንደኛ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝና በእንቁላሉ ውስጥ የታሰረው አየር ከሚጠበቀው በላይ ይለጠጣሉ። ሊጡ መዋቅሩ ሳይጸና በፍጥነት ይነሣና መሐሉ ይሰምጣል። ሁለተኛ፣ እርጥበት በፍጥነት ስለሚተን በሊጡ ውስጥ ያለው ስኳር ይበረታል፤ ኬኩም ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ሦስተኛ፣ የስኳር ሽሮፕ የሚደርስባቸው የሙቀት ደረጃዎች ሁሉ ከመጽሐፉ ቁጥር ዝቅ ይላሉ።

ከከፍታው ሌላ ቅዝቃዜው አለ። የውጭ መመሪያዎች «ቅቤው በክፍል ሙቀት ይሁን» ሲሉ 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያለውን ክፍል ማለታቸው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በእነዋሪ ማለዳ የሥራ ክፍል ሙቀት ከዚህ በብዙ ሊያንስ ይችላል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ስለዚህ የኬክ ትእዛዝ የሚበዛበት ወቅትና ቅቤ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት ወቅት ይገጣጠማሉ። በአንጻሩ በዚያው ዞን በቆላማዋ ሸዋ ሮቢት የሚቀጠር ተመራቂ የሚገጥመው ተቃራኒው ችግር ነው፤ ቅቤው ይልማል፣ አበባው ይሟሟል። አንድን ቁጥር የሸመደደ ሠልጣኝ ከሁለቱ ከተሞች በአንዷ መሳሳቱ አይቀርም። ቁጥሩ ስለምን እንደተጻፈ የተረዳ ግን በሁለቱም ይሠራል።

3. የተለመዱ ችግሮች፣ ምክንያታቸውና ማረሚያቸው

3.1 ያልተስተካከለና የሚፈረፈር መሠረት

ብዙ ሠልጣኞች የኬኩን መስመጥ ወይም ማበጥ በክሬም ለመሙላት ይሞክራሉ። መሐሉ ላይ የተከመረ ወፍራም ክሬም ግን በክብደቱ ይንሸራተታል፤ ሲቆረስም ጉድለቱ ይጋለጣል። መፍትሔው ከመጋገሪያው በፊት ይጀምራል። ከባሕር ጠለል አካባቢ የመጣን የአሠራር መመሪያ በእነዋሪ ሲጠቀሙ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል መቀነስ፣ ስኳሩን በመጠኑ ማሳነስ፣ በአንድ ኩባያ ፈሳሽ ላይ ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ የምድጃውን ሙቀትም ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ማድረግ እንደ መነሻ ያገለግላል። እንቁላሉም እስኪደርቅ ሳይሆን ለስላሳ ጫፍ እስኪይዝ ብቻ ይመታል፤ ለመለጠጥ ቦታ ሊተውለት ይገባልና። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዚያ ተሞክሮ የተስተካከለ መመሪያ ይህን ያህል ለውጥ ላያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ «መመሪያው ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

የዱቄቱም ዓይነት ሊታይ ይገባል። በገበያ የሚገኘው የፈርኖ ዱቄት በአብዛኛው ለዳቦ የታሰበ ነው። ሊጡ ብዙ ሲታሽ ግሉተኑ ይጠነክራል፤ ኬኩም አናቱ ያብጣል፣ ውስጡም ቀዳዳ ያበዛል። ከዱቄቱ ከስምንት አንድ እጅ ያህሉን በበቆሎ ስታርች መተካትና ዱቄቱ ከገባ በኋላ ማማሰልን ማሳጠር ይህን ያቃልላል።

ኬኩ ከበሰለ በኋላ የፍርፋሪው ችግር ይከተላል። ፍርፋሪ ወደ ክሬሙ የሚገባው ኬኩ ሳይቀዘቅዝ ሲቀባ፣ ክሬሙ ጠጥሮ ገጹን ሲቧጥጥ ወይም ስፓቱላው በየጊዜው ከገጹ ሲነሣ ነው። ማረሚያው ኬኩን ሙሉ በሙሉ ማቀዝቀዝ፣ የደረቀውን ገጽ በስኳር ውሃ በስሱ ማራስ፣ ከዚያም እንደ ግድግዳ ልስን የመጀመሪያ ስስ ቅብ ቀብቶ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ማጽናት ነው። ለመጀመሪያው ቅብ የሚውለው ክሬም በሌላ ዕቃ መለየት አለበት፤ ፍርፋሪ የነካው ስፓቱላ ወደ ዋናው ክሬም ከተመለሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

3.2 የቅቤ ክሬም መቆራረጥና መቅጠን

የቅቤ ክሬም ስብ፣ ውሃና አየር ተዋሕደው የሚገኙበት ውሑድ ነው። የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ያህል ስብ ሲሆን የተረፈው በአብዛኛው ውሃ ነው። ውሕደቱ የሚጸናው ስቡ ሳይጠነክርም ሳይቀልጥም፣ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ባለው ሙቀት አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ስቡ ይጠጥርና ውሃውን ይለቃል፤ ክሬሙም አይብ ይመስላል። ከዚያ በላይ ስቡ ይፈስሳል፤ ክሬሙም ይቀጥናል።

ሁለቱ ጉድለቶች ተቃራኒ ምክንያት ስላላቸው ማረሚያቸውም ተቃራኒ ነው። በተግባር ግን ሠልጣኞች ለሁለቱም አንድ መድኃኒት፣ ማለትም ተጨማሪ የተፈጨ ስኳር ይጠቀማሉ። በቀዘቀዘ ክሬም ላይ ስኳር መጨመር ጣፋጭነቱን ከማክረር በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ትክክለኛው መንገድ የክሬሙን ሩብ ያህል ለብቻ ለዘብ እስኪል ማሞቅና እየመቱ መመለስ፣ ወይም ሳህኑን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ እያስነኩ መምታት ነው። የቀጠነ ክሬም ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀዝቅዞ እንደገና ይመታል። ሠልጣኙ የሳህኑን ውጭ በመዳፉ ነክቶ «ቀዝቃዛ ነው ወይስ ሞቃት?» ብሎ መጠየቁ ብቻ ከግማሽ በላይ የሆነውን ምርመራ ይፈጽምለታል።

በገጠር ገበያ የሚገኘው ለጋ ቅቤ ለዚህ ሥራ የገበታ ቅቤን በቀጥታ አይተካም። ከእርጎ የሚናጥ በመሆኑ የራሱ ኮምጣጣ ጣዕምና ጠረን አለው፤ የውሃ ይዘቱም ከናጭ ናጭ ይለያያል። ሠልጣኙ ይህን ሲረዳ ልዩነቱን የቅቤው ዝቅተኛነት ሳይሆን የተግባሩ ልዩነት አድርጎ ይወስደዋል።

3.3 የስኳር ሽሮፕና ሜሬንግ

የከፍታው ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጣሊያን ሜሬንግ ለመሥራት መጻሕፍት ሽሮፑ 118 ዲግሪ እንዲደርስ ያዝዛሉ። ቁጥሩ የተጻፈው ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቦታ ነው። ሽሮፕ ሲፈላ ሙቀቱ የሚጨምረው ውሃው ተንኖ ስኳሩ በበረታ መጠን ነው። በእነዋሪ ውሃ በ91 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ተመሳሳዩ የስኳር ብርታት የሚገኘው በ109 ዲግሪ ገደማ ነው። በእነዋሪ 118 ዲግሪ የደረሰ ሽሮፕ በባሕር ጠለል 127 ዲግሪ ከደረሰው ጋር ይመሳሰላል። እንዲህ ያለው ሽሮፕ እንቁላል ነጩ ላይ ሲፈስ ክር ክር ሆኖ ይጠነክራል፤ ክሬሙም በጥርስ በሚሰማ የስኳር እንክብል ይሞላል። ሠልጣኙ መመሪያውን በታማኝነት ተከትሎ ሳለ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩ በሚፈላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይገባና የሚያሳየው ቁጥር ይመዘገባል። ያ ቁጥር ከ100 የሚጎድለው ያህል ከመጽሐፉ የሽሮፕ ቁጥሮች ሁሉ ላይ ይቀነሳል። ይህ ዘዴ የከፍታውን ብቻ ሳይሆን የቴርሞሜትሩንም ስሕተት በአንድ ጊዜ ያርማል። ቴርሞሜትር በሌለበትም ጥቂት ሽሮፕ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ አድርጎ በጣት ማድቦልቦል ይቻላል፤ ለስላሳ ኳስ ሲሆን የሜሬንግ ደረጃው ቀርቧል። ይህ የቆየ የእጅ ፈተና የሚመዝነው የስኳሩን ብርታት ራሱን እንጂ ሙቀቱን ስላልሆነ በየትኛውም ከፍታ አያሳስትም።

ሌላው አማራጭ ፍጻሜው በመፍላት የማይለካ ዘዴ መምረጥ ነው። እንቁላል ነጭና ስኳር በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እየተማሰሉ 71 ዲግሪ እስኪደርሱ ሞቀው ከዚያ የሚመቱበት ዘዴ በእነዋሪም ሆነ በምጽዋ በአንድ ቁጥር ይሠራል። የ91 ዲግሪ ውሃም ወደዚያ ሙቀት ለማድረስ ይበቃል። ከጥሬ እንቁላል ሊመጣ የሚችለውን የጤና ስጋት ስለሚቀንስም ለጀማሪ ይመረጣል።

3.4 የጎን መወጠርና መዝመም

በማግስቱ የኬኩ ወገብ ዙሪያውን ተወጥሮ ከተገኘ፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ በንጣፎቹ መካከል የገባው ሙሌት ነው። ለስላሳ ክሬም ወይም ማርማላታ በላዩ ያለው ክብደት ሲጫነው ወደ ጎን ይገፋል። ማረሚያው በንጣፉ ጠርዝ ዙሪያ ጠንከር ያለ ክሬም እንደ እርከን መሥራት፣ ሙሌቱን ከእርከኑ ዝቅ አድርጎ ማስገባት፣ ከዚያም ኬኩ በራሱ ክብደት እስኪረጋ ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት ነው። የመጨረሻው ቅብ የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው። የዘመመ ኬክ ግን መነሻው በአብዛኛው ያልተስተካከለ ንጣፍ ነው። አናቱን በረዥም ባለጥርስ ቢላዋ አስተካክሎ መቁረጥ የሚገባው ከመደርደር በፊት ነው፤ ከተቀባ በኋላ በክሬም ማካካስ ዝማሜውን ይደብቀዋል እንጂ አያቃናውም።

3.5 የክሬም አበባና ጠርዝ

ከከረጢት የሚወጣ አበባ ቅርጹን ሲያጣ ሦስት ነገሮች ይፈተሻሉ፤ የክሬሙ ውፍረት፣ የእጅ ሙቀትና የግፊት መጠን። ከረጢቱ ከግማሽ በላይ ሲሞላ ሠልጣኙ በሁለት እጁ አቅፎ ይይዘዋል፤ ክሬሙም በመዳፉ ሙቀት ይለዝባል። ስለዚህ ጥቂት እየሞሉ መሥራት ይሻላል። ኮከብና ጽጌረዳ መሰል ቅርጾች ከረጢቱ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ያምራሉ፤ ለጠርዝ ጌጥ ደግሞ ወደ 45 ዲግሪ ይጋደማል። ጫፉ እንደ ጭራ የሚንጠለጠለው ሠልጣኙ መጭመቁን ሳያቆም ከረጢቱን ስለሚያነሣ ነው። መጀመሪያ ማቆም፣ ከዚያ ማንሣት የሚለው ሥርዓት በመቶ ጊዜ ልምምድ የሚገኝ ነው፤ ይህ በእርግጥም የእጅ ጉዳይ ነው። ምርመራው የእጅን ችግር ከሌላው ለይቶ የሚያሳየውም በዚህ መንገድ ነው።

3.6 ፎንዳንትና ቀለም

ፎንዳንት በበጋ ደረቅ አየር ሳይሸፈን ሲቀመጥ ቆዳ ያበጅና ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ በዝግታ የሚሠራ ጀማሪ ደግሞ ይህ በተለይ ይደርስበታል። በጥቂት የአትክልት ስብ ማሸት፣ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ መሸፈንና በአንዴ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መዳመጥ ይረዳል። በሌላ በኩል ከማቀዝቀዣ የወጣ ኬክ እርጥበት ባለው ሞቃት ክፍል ሲቀመጥ ገጹ ያልበዋል። ላቡን በጨርቅ መጥረግ ገጹን ያበላሸዋል፤ ቀስ ብሎ እስኪደርቅ ሳይነኩ መተው ይበጃል።

ቀለም የሚሰራጨው ደግሞ እርጥብ በእርጥብ ላይ ሲያርፍ ነው። ጠቆር ያለ ጌጥ በነጭ ክሬም ላይ የሚያርፈው ነጩ ከጸና በኋላ ሊሆን ይገባል፤ ፈሳሽ ቀለም ሳይሆን የጄል ቀለም መጠቀምም ተጨማሪ ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል። ቀይና ጥቁርን የመሰሉ ቀለሞች ከተቀላቀሉ በኋላ ለሰዓታት እየደመቁ ስለሚሄዱ ቀደም ብሎ አዘጋጅቶ ማሳደር ከመጠን በላይ ቀለም ከመጨመር ያድናል።

4. የጾም ኬክ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት ውስጥ ከ180 በላይ የጾም ቀናት አሉት። እንደ እነዋሪ ባለ አካባቢ የሚሠራ ኬክ ሠሪ ስለዚህ የዓመቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን ሌላ ዓይነት ኬክ ያስፈልገዋል። የውጭ መመሪያዎች እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበትን ኬክ እንደ ልዩ ጉዳይ ሲያነሡት፣ እዚህ ግን መደበኛ ሥራ ነው።

የጾም ኬክ መዋቅሩን ከእንቁላል ስለማያገኝ ይበልጥ ይፈረፈራል። ስስ የመጀመሪያ ቅብና በቂ የማቀዝቀዣ ጊዜ ለእርሱ አማራጭ ሳይሆኑ ግዴታ ናቸው። ክሬሙም ከአትክልት ስብ የሚዘጋጅ በመሆኑ ባሕርዩ ከቅቤ ይለያል። በአትክልት ስብ ላይ የተመሠረተ የሚመታ ክሬም በደንብ ቀዝቅዞ መመታት አለበት፤ ቅርጽ ከያዘ በኋላ መምታቱ ከቀጠለ ገጹ ይሻክራል። ለቅቤ ክሬም ማሞቅን የተማረ ሠልጣኝ ይህንንም ሊያሞቅ ይሞክራል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ሁለቱን ክሬሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን ማሳየት ይጠበቅበታል።

አንድ የታማኝነት ጉዳይም አለ። አንዳንድ ማርጋሪኖች ከወተት የተገኘ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ሠልጣኙ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቦ ሳያረጋግጥ «የጾም ነው» ብሎ ቢሸጥ፣ የሚበድለው የደንበኛውን ምላስ ሳይሆን ሕሊናውን ነው። ይህም የሙያው ትምህርት አካል ሊሆን ይገባል።

5. በፊደል መጻፍ

በኬክ ላይ የመጻፍ ትምህርት በአብዛኛው የላቲንን የተቀጣጠለ የእጅ ጽሑፍ መነሻ ያደርጋል። በዚያ ጽሑፍ የክሬሙ ፍሰት ከፊደል ወደ ፊደል ሳይቋረጥ ይሄዳል። የግእዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም ነው፤ ጸሐፊው በየፊደሉ ይጀምራል፣ ያቆማል፣ ያነሣል። ስለሆነም በ3.5 የተገለጸው «አቁሞ ማንሣት» በአማርኛ ጽሑፍ እጅግ ይፈለጋል። ትርፍ የክሬም ክር በእግሩ ጎን ከወደቀ ግእዙ «ለ» ካዕቡን «ሉ» ሊመስል ይችላል፤ የ«መ» ቀለበቶችም ክሬሙ ከቀጠነ ይደፈናሉ።

የቦታ ዕቅድም እንዲሁ ነው። «መልካም ልደት» ሰባት ፊደላትና አንድ ክፍተት አለው። 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ኬክ ላይ ከጠርዝ ጌጡ ውስጥ 18 ሴንቲ ሜትር ቢተርፍ፣ በአንድ መስመር ለእያንዳንዱ ፊደል ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ቦታ ይደርሰዋል። በሁለት መስመር ሲከፈል ግን አራቱ የ«መልካም» ፊደላት ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ያገኛሉ። የመጨረሻው ፊደል ጠርዝ ላይ የሚጨናነቀው እጅ ስለደከመ ሳይሆን ስሌቱ ስላልቀደመ ነው። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ስስ ምልክት አስቀድሞ ማድረግ ችግሩን ያስቀራል።

6. ለሥልጠና የሚቀርብ ሥርዓት

ከላይ የተተነተኑት ጉድለቶች በአራት ጥያቄዎች ሊመረመሩ ይችላሉ። ምን ታየ? መቼ ታየ፤ ሲቀባ ወዲያው ነው ወይስ በማግስቱ? ከሙቀት፣ ከእርጥበት፣ ከመዋቅርና ከእጅ የትኛውን ይመስላል? ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢለወጥ ምን ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ዋነኛው ነው። ሠልጣኝ በድንጋጤ ስኳር ጨምሮ፣ አቀዝቅዞና ወተት አክሎ ክሬሙ ቢድንለት እንኳ የቱ እንዳዳነው አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥ ግን ውድቀቱም ያስተምራል።

ይህ ልማድ ውድ ጥሬ ዕቃ ሳያባክን ሊለመድ ይችላል። ለግፊትና ለማዕዘን ልምምድ በደንብ የተፈጨ ቅቅል ድንች በከረጢት ሞልቶ በትሪ ጀርባ ላይ መጭመቅና እየሰበሰቡ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። ለጽሑፍ ልምምድ የዱቄትና የውሃ ብጥብጥ ይበቃል። ለክሬም ምርመራ ደግሞ አንድ አነስተኛ መጠን ለሦስት ተከፍሎ አንዱ እንዲቀዘቅዝ፣ አንዱ እንዲሞቅ፣ አንዱም በተገቢው ሙቀት እንዲቆይ ይደረጋል፤ ሠልጣኞቹ የተበላሹትን ሁለቱን እንዲያቃኑ ይታዘዛሉ። በዚህ መልክ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ጉድለት ሠልጣኙን አያሳፍረውም፤ የመታረም ልምዱ ግን እውነተኛ ነው።

አሠልጣኙ በበኩሉ ከረጢቱን ከመቀበል ይልቅ ጥያቄውን ማንሣት ይኖርበታል። የሠልጣኞች የጋራ መዝገብም ይጠቅማል፤ በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የታየው ጉድለት፣ የተለወጠው ነገርና ውጤቱ ይሰፍራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ መዝገቡ የእነዋሪ የራሷ መመሪያ ይሆናል። በትብብር ሥልጠና ወደ ኬክ ቤቶች የሚወጡ ሠልጣኞችም ይህንኑ መዝገብ ይዘው ቢሄዱ የሥራ ቦታው ልምድ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

በምዘናም ረገድ የተጠናቀቀው ኬክ ውበት ብቻ መመዘን የለበትም። ሠልጣኙ አንድ የተሰጠውን ጉድለት ለይቶ ምክንያቱን ማስረዳትና ማቃናት መቻሉ ቢመዘን፣ በዕድል ያማረ ሥራና በእውቀት የተሠራ ሥራ ይለያሉ። ሊቃና የማይገባውን ማወቅም የብቃት አካል ነው። መሐሉ ያልበሰለ ኬክ በክሬም ተሸፍኖ ለሰው ሊቀርብ አይገባም፤ ያ ጉድለት የውበት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነውና።

7. ማጠቃለያ

የኬክ ማስዋብ ጉድለቶች የሚታዩት በገጽ ላይ ቢሆንም መነሻቸው በአብዛኛው ጠለቅ ያለ ነው። በእነዋሪ ውሃ በ91 ዲግሪ ይፈላል፤ የጥር ማለዳ ቅቤን ያጠነክራል፤ የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ነው፤ ጽሑፉም በፊደል ነው። እነዚህን አራት እውነታዎች ያላገናዘበ መመሪያ ታታሪውን ሠልጣኝ ያሳስታል፤ ሠልጣኙም ጥፋቱን በራሱ እጅ ላይ ይጭናል። በአንጻሩ የሚፈላ ውሃን ለክቶ ቁጥሩን የሚያስተካክል፣ ሳህኑን ነክቶ የክሬሙን ሙቀት የሚያውቅ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን የሚመዘግብ ሠልጣኝ በደጋም በቆላም ሥራውን ይዞ ይቆማል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ወይም ብዙ ገንዘብ ሳይሆን በየሥራ ክፍሉ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ መዝገብና ከረጢቱን ሳይቀበል የሚጠይቅ አሠልጣኝ ነው።